እንዴት ይሠራል? የማታው የእግር ውሃ

ከእርሻ ወይም ከገበያ ገብታችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ስትነክሩ አንዲት ረዥም «እፎይ» ታመልጣችኋለች። ከየት መጣች ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ደብረ ማርቆስ ከተማም ኑሩ፣ ማቻከል ወይም ደብረ ኤልያስ ገጠር፣ ማታ ማታ ይህን ታደርጉታላችሁ። እንግዳ ሲመጣም ከምግቡ በፊት የእግር ውሃ ይቀርብለታል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ራሱ ጎንበስ ብሎ የምእመኑን እግር ያጥባል። አንድ ነገር ይህን ያህል ዘመን በአንድ አገር ከቆየ፣ ውስጡ አንዳች ብልሃት አለ ማለት ነው። እስቲ ዛሬ ሳፋችንን እንመርምራት።

ምርመራው ከእግር ትንሽ ከፍ ይላል። ጎጃም ቻይ አገር ነው። ክረምቱን ጭቃ ውስጥ ሞፈር ይዞ የዋለ ሰው ማታ «እንዴት ዋልክ?» ሲባል «ደህና» ይላል። እሾህ ቢወጋው በወስፌ ነቅሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔም ይህን አደንቃለሁ። ሆኖም መቻል ሁለት ዓይነት ነው፤ ሕመምን ሰምቶ መቻል አለ፣ ላለመስማት ጆሮ ደፍኖ መቻልም አለ። ለጊዜው ከውጭ አይለዩም። ከዓመታት በኋላ ግን አንደኛው ሰው ቆሞ ይሄዳል፣ ሌላው ከደጁ አያልፍም።

ከእንቅፋት እንጀምር። ሆን ብላችሁ ድንጋይ አትምቱ፤ በእኛ መንገድ እንቅፋት ፈልገው የሚያጡት ነገር አይደለም፣ ራሱ ይመጣል። ሲመጣ ግን ከመራገማችሁ በፊት አስተውሉት። መጀመሪያ ስል ውጋት ይመጣል፤ «ወይኔ!» የምትሉት ያኔ ነው። ከዚያ ለአፍታ ረገብ ይላል። ከአፍታ በኋላ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ይህኛው ያቃጥላል፣ ይጠዘጥዛል፣ ቶሎም አይለቅም።

ሁለቱ በተለያዩ ነርቮች ነው የሚጓዙት። የመጀመሪያው የስብ ሽፋን ባለው ነርቭ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይበራል። ሁለተኛው ሽፋን በሌለው ቀጭን ነርቭ በሰከንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ሜትር ያዘግማል፤ እናንተ ወደ ገበያ ከምትሄዱበት እርምጃ ብዙም አይፈጥንም። ከአውራ ጣት እስከ አንጎል ያለው መንገድ ደግሞ የቁመታችሁን ያህል ነው። ስለዚህ አንዱ ቀድሞ ደርሶ ሌላው ገና በመንገድ ላይ ነው።

ሥራቸውም የተለያየ ነው። የመጀመሪያው «እግርህን አንሣ» ይላል፤ እግሩም ይነሣል። እንዲያውም ትእዛዙ የሚወጣው ከሕብለ ሰረሰር ስለሆነ፣ እግሩ ሲነሣ አንጎል ወሬውን ገና አልሰማም። እዚህ ላይ ጀግናም ፈሪም እኩል ነው። ሁለተኛው ግን «ዛሬ ይህን እግር አሳርፈው፣ እየው» ይላል። ልንታዘዘውም ልንንቀውም የምንችለው እሱን ነው።

ይህን ሁለተኛውን ሕመም እንደ ግቢ ውሻ አስቡት። ሌሊት ሲጮኽ ወጥቶ ማየት ይቻላል፤ መንገደኛ ጎረቤት ከሆነ «ዝም በል» ብሎ ገሥጾ፣ ተመልሶ መተኛት ነው። ሳይወጡ ጋቢ ተከናንቦ መተኛትም ይቻላል። በሁለቱም ቤት እንቅልፍ ይተኛል። ሌባው በሬውን ነድቶ የሚወጣው ግን ከሁለተኛው ቤት ነው።

ውሻውን «ዝም በል» የምንልበት መሣሪያ በእርግጥ አለን። አሁኑኑ ሞክሩት። የክንዳችሁን ቆዳ በጥፍራችሁ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ እስኪቆስል አይደለም፣ እስኪያቃጥል ብቻ። እንደያዛችሁ ዙሪያውን በሌላው እጃችሁ መዳፍ፣ ወይም በልጃችሁ እጅ፣ አሻሹት። ቃጠሎው ላላ አላለም?

ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ስለዚህ ነገር አንድ ሐሳብ አቀረቡ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመውጣቱ በፊት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሚያልፍበት በር አለ፤ የመዳሰስና የማሻሸት መልእክት በወፋፍራም ነርቮች ፈጥኖ ሲመጣ በሩን ጠበብ ያደርገዋል አሉ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ሐሳብ ግን ጸንቷል። ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ እናት «የታል? የታል?» እያለች የምታሸው ስለዚህ ነው። ሳይንሱን ሳትማር በሩን ትዘጋለች።

ከላይም ሌላ እጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ስኮትላንድ፣ አበርዲን ውስጥ ጆን ሂዩዝና ሃንስ ኮስተርሊትዝ አንጎል ራሱ ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር እንደሚሠራ አሳዩ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ሄንሪ ቢቸር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ጣሊያን ውስጥ ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ማስታገሻ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አብዛኞቹ አንፈልግም ብለውት ተገርሞ ነበር። ቁስሉ እውነት ነው፣ አጥንቱም ተሰብሯል። አንጎል ግን «ከእሳቱ ወጥተሃል» ብሎ ውሻውን ገሥጾታል።

እንግዲህ የሳፋዋ «እፎይ» ምሥጢር ግማሹ ይኸው። ለብታው፣ የእጅ መዳፉ፣ ተረከዝ የሚፈትገው ሻካራ ድንጋይ፣ ሁሉም የመዳሰስ መልእክት ይልካሉ። በሩ ይጠብባል፣ የቀኑ ጥዝጠዛም ወደ ኋላ ይቀራል።

ሌላው ግማሽ ከዚህ ይበልጥብኛል፤ ሳፋዋ የለመድነውን እግር በየማታው እንድናየው ታደርጋለች።

ሦስት ሳህን አምጡ። በአንዱ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ በሌላው ከማድጋ የተቀዳ ቀዝቃዛ፣ በመሃለኛው ለብ ያለ አድርጉ። አንድ እጃችሁን ሙቁ ውስጥ፣ ሌላውን ቀዝቃዛው ውስጥ ለአንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ መሃለኛው ውስጥ ክተቱ። አንዱ እጅ «ቀዘቀዘ» ይላል፣ ሌላው «ሞቀ» ይላል። ውሃው አንድ ነው። ነርቮቻችን የሚነግሩን ያለውን ነገር ሳይሆን የተለወጠውን ነው፤ ሳይለወጥ የሚቆየውን ቀስ በቀስ ይተዉታል።

ሕመም እንደ ሙቀት ቶሎ አይለመድም። ቶሎ ቢለመድማ ኖሮ ለምን ይጠቅማል? ልብ ግን ይለምደዋል። በየማታው የሚያቃጥል እግር ከጥቂት ዓመት በኋላ ወሬ መሆኑ ይቀራል። «እግሬ ታመመ» የነበረው «እግሬ እንዲህ ነው» ይሆናል። በጤና ጣቢያ ደጃፍ እንዲህ ዓይነት ንግግር መስማት ብርቅ አይደለም፦

«አያ፣ እግርዎ ከመቼ ጀምሮ ነው ያበጠው?»

«ኧረ ምንም አይል ልጄ፣ ለምጄዋለሁ።»

«ማታ ማታስ ያቃጥልዎታል?»

«ማቃጠሉንማ ያቃጥላል። ሲነጋ ይተወኛል።»

ይህ ንግግር ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ክብደት አለው። «ሲነጋ ይተወኛል» የሚባለው እብጠት የዝሆኔ በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ዓይነት። ቆላ ላይ በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ ይለያል። ትንኝ የለበትም፣ ተውሳክ የለበትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ምንጩ አፈር ነው።

ደጋችን ላይ ያለው ቀይ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ዝናቡም ደጋውም ተባብረው ድንጋዩን አልመውታል። በውስጡ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች አሉ። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ ቅንጣቶቹ በእግር ቆዳ ሰርገው ይገባሉ። ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጧቸዋል፤ ሊፈጯቸው ግን አይችሉም። ብግነት ይነሣል፤ ፈሳሽን ከእግር ወደ ላይ የሚመልሱት ቀጫጭን የሊምፍ ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ ይደፈናሉ። ፈሳሹ እታች ይቀራል። መጀመሪያ ማታ አብጦ ሌሊት ይጎድላል፤ ቆይቶ መጉደሉን ይተዋል፤ ከዚያ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሰነጣጠቃል።

አፈሩ ምክንያት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው አብጠርጥሮ ያሳየው። ያም ሆኖ አንድ ማሳ አብረው ካረሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱን ይዞ ሌላውን ሊተው ይችላል። ይህን ያብራራው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና የባልደረቦቹ ጥናት ነው፤ ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዙ አንዳንድ ዘረ መሎች ሰውነት ለአፈሩ የሚሰጠውን መልስ ያከብዱታል። ሰው «በዘር ነው» የሚለው እንግዲህ ግማሽ እውነት አለው። ግማሽ እውነቱ ግን ስንት ልጃገረድ ከትዳር አስቀርቷል! ከልጅነት ጀምሮ ሁልጊዜ የተጫማ እግር ዘሩ ምንም ይሁን ምን አይያዝም፤ ይህኛው ደግሞ ሙሉ እውነት ነው።

በኢትዮጵያ ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል። ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ላይ በተደረገ ቆጠራ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ነዋሪዎች 3.3 በመቶው ታመው ተገኝተዋል። ወደ ሠርግ ስትሄዱ ድንኳኑ ውስጥ ሠላሳ ሰው ቢቀመጥ አንዱ ማለት ነው። አንዱ ግን ብዙ ጊዜ ሠርግ አይመጣም።

አሁን ክር አምጡ። ማታ፣ እግራችሁን ከመታጠባችሁ በፊት፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ ባለው ቀጭን ቦታ ዙሩበትና የገጠመበትን ቋጥሩ። ሳይወጠር፣ ሳይላላ። ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ በዚያው ክር ደግማችሁ ለኩ። ትንሽ ልዩነት ቀኑን ሙሉ በቆመ ሰው ሁሉ ላይ ይታያል። የክሩ ጫፍ ጣት ያህል ተርፎ ከተንጠለጠለ፣ ይህም በየቀኑ ከሆነ፣ እግሩ የሚላችሁ ነገር አለ። አውራ ጣታችሁን በቅልጥማችሁ አጥንት ላይ እስከ አሥር እየቆጠራችሁ ጫኑና አንሡት፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቆየ ውስጡ ፈሳሽ ተጠራቅሟል። ልብና ኩላሊትም እግር ሊያሳብጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ ፍርዱን ለጤና ባለሙያ ተዉለት። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ካመመማ ነገ ሳትሉ ሂዱ።

በተቃራኒው ውሻው ጨርሶ የማይጮኽበት እግርም አለ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ሌላ ሰው በጤፍ አገዳ ጫፍ የእግር ጣታችሁን፣ የእግር መዳፋችሁን፣ ተረከዛችሁን ቀስ ብሎ ይንካ። እናንተ «እዚህ» በሉ። ስኳር ያለበት ሰው ይህን ቢለምደው በብዙ ይጠቀማል፤ ስኳር የእግርን ነርቭ ቀስ እያለ ያደነዝዛልና። የሥጋ ደዌም እንዲሁ ነው። ሕንድ ውስጥ ቬሎር ሆስፒታል የሠራው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳሳየው ጣትን የሚያሳጣው በሽታው በቀጥታ አይደለም። እሳት፣ ጠጠር፣ የጠበበ ጫማ ያደረሰው ቁስል ስለማይሰማ፣ ስላልተሰማም ስለማይታከም ነው። አዲስ አበባ ያለው አለርት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ለሥጋ ደዌ ታካሚዎች ሲያስተምር ከኖረው አንዱ ይኸው ነው፦ እግራችሁ ካልነገራችሁ በዓይናችሁ ጠይቁት። ሕመም አልባ እግር ምኞት እንዳይመስላችሁ።

ወደ ሳፋችን ስንመለስ፣ የዝሆኔ ሕክምናው ራሱ እሷው ነች። እግሩን በሳሙና ማጠብ፤ ጤና ጣቢያ በሚነግሩት ልክ እጅግ በጥቂት በረኪና በቀጠነ ውሃ መዘፍዘፍ፤ በጣቶች መካከል ሳይቀር በደንብ ማድረቅ፤ ቫዝሊን ወይም የታዘዘ ቅባት መቀባት፤ እግሩን ማንቀሳቀስ፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፤ የሚያስፈልገው በፋሻ ይጠቀልላል፤ ካልሲና ጫማ። በቃ።

ቀላል ይመስላል፤ እያንዳንዱ ግን ሥራ አለው። በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚጥለው እብጠቱ ብቻ አይደለም። በተሰነጠቀው ቆዳ ጀርም ይገባና እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይነሣል፤ ሰዉ «ተነሣብኝ» ብሎ ለቀናት ይተኛል። መዘፍዘፉ አፈርና ጀርም ያዘለውን ቆዳ ያለሰልሳል፤ ማድረቁ ጀርሙን እርጥበት ይነሣዋል፤ ቅባቱ ስንጥቁን ይዘጋል፤ ፋሻና ማሳረፍ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ላይ ይገፉታል።

ይህ ነገር በትክክል ይሠራል ወይ የሚለው የተፈተነው ደግሞ እዚሁ እኛው ዘንድ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ ታማሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ይህን የእግር እንክብካቤ ወዲያው ጀመሩ፤ ግማሾቹ ከዓመት በኋላ ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ወጣ። ባልጀመሩት ላይ ሕመሙ በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ተነሣ፤ በጀመሩት ላይ 19.4 ጊዜ። አራት ተኩል ጊዜ ተረፈ ማለት ነው። ተአምር አይደለም፤ በእርሻ ወቅት ግን አራት ጊዜ ከመተኛት መዳን ምን እንደሆነ ገበሬ ይንገራችሁ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ቁጥር ነው። ሃያ አራት ጊዜ! በወር ሁለት ጊዜ በትኩሳት እየተንቀጠቀጡ ወድቀው፣ በየመሃሉ ተነሥተው አርሰዋል፣ ጋግረዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። የጽናት እጥረት የለም። የጎደለው አንድ ሳፋ ውሃ፣ ሳሙናና «ይህ ነገር ይታከማል» የሚል ሰው ነው።

ሰምቶ መቻል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ ሌላ ሰው ልጥቀስ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ የሄደው የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ነው። ሮጠ፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ፤ ሲጨርስም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ብዙ የማይነገርለት ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ ያደረገው ነው። እግሩ ቀድሞ ተጎድቶ ነበር። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው፣ ዓለም እያየው፣ አቆመ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ።

ሁለቱንም ያደረገው አንድ ሰው ነው። የቶኪዮው ሕመም ሐኪም ያየው፣ የተሰፋ፣ እየዳነ ያለ ነበር፤ ገሥጾት ሮጠ። የሜክሲኮው እየባሰ የሚሄድ ነበር፤ ሰምቶት ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከከዱት በኋላም እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ሜክሲኮ ላይ ያቆመው ጽናት ጎድሎት ነው የሚል ካለ ይህን ያስብ።

ከክልላችንም ያለምዘርፍ የኋላው አለችላችሁ። ኦክቶበር 2 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በለንደን ማራቶን አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራት የመንገድ ጉብታ አደናቅፎ ጣላት። ተነሣች፣ ደረሰችባቸው፣ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈች። እንቅፋቱ ልክ እንደ እኛው ነው፤ እግሩ ግን መሮጥ ይችል ነበር።

አሁን ወደ ልብ ሕመም እንምጣ፤ አሠራሩ ከእግር ብዙ አይርቅም።

ሰዓት ያዙና ለአንድ ደቂቃ ስለ ነጭ አህያ አታስቡ። ስለ ፈለጋችሁት አስቡ፣ ነጭ አህያ ብቻ አትምጣ። በመጣች ቁጥር ጠረጴዛውን በጣታችሁ ምቱ።

ስንቴ መታችሁ? እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ በነጭ ድብ አስሞክሮ ነበር። ሰዎቹ ሊያግዷት አልቻሉም። ቆይቶ «አሁን አስቡ» ሲባሉም፣ ከመጀመሪያው ተፈቅዶላቸው ካሰቡት ይልቅ ብዙ ጊዜ መጣችባቸው። ለማባረር አህያዋ የት እንዳለች መጠበቅ ያስፈልጋላ! ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ሰዎች አሳዛኝ ፊልም እያዩ ፊታቸው ላይ ምንም እንዳያሳዩ ጠየቁ። ፊታቸው ታዘዘ። የልባቸውና የደም ሥሮቻቸው ሥራ ግን ከተለመደው በላይ በረታ። «ምንም አልሆንኩም» ማለት በነጻ አይደለም፤ ሰውነት ከጓዳ ይከፍልበታል።

አገራችን ለአንዱ ሐዘን ግሩም ሥርዓት አላት። ሰው ሲሞት ይጮኻል፣ ደረት ይመታል፣ እድርተኛው ንፍሮና ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም። ጆሮ ደፍኖ መቻል ለቅሶ ቤት አይፈቀድም፤ ያላለቀሰ ሰው ራሱ ያሳስባል፣ «እርሙን ያውጣ» ይባላል። ሬሳ ለሌለው ሐዘን ግን ድንኳን የለንም። ያበጠ እግሩን ደብቆ ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ርቆ የሄደ ልጅ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ተኩስ እየሰሙ የሚያድሩበት ሌሊት፣ ለእነዚህ ንፍሮ የሚቀቅል የለም። ሁሉም በየቤቱ «ደህና» ይላል።

እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 270 ገደማ የዝሆኔ ታማሚዎችና ያንኑ ያህል ቁጥር ያላቸው ጎረቤቶቻቸው ስለ መንፈሳቸው ተጠይቀው ነበር። የድባቴ ምልክት የታየባቸው ከታማሚዎቹ 12.6 በመቶ፣ ከጎረቤቶቻቸው 0.7 በመቶ ናቸው። እነዚህ በወር ሁለቴ ወድቀው የሚነሡት፣ ቻዮቹ ናቸው።

እንዴት ተጠየቁ የሚለው ለእኛ ይጠቅመናል። «ደህና ነዎት ወይ?» ቢባሉ ሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነበር የሚሉት፤ ሰላምታችን አምስት ጊዜ ቢደጋገምም መልሱ አንድ ነው። የተጠየቁት ስለ ተጨባጭ ነገር ነው። ጥያቄዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ሁሉም ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ። እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብ ይበላልዎታል? ድሮ ደስ የሚልዎት ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል? ድካም፣ ራስን መጥላት፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል... የመጨረሻው ሞትን ስለመመኘት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ ዝም ያለ ሰው ካለ ይህን ሞክሩ። ጊዜው እግሩን ሲታጠብ ይሁን፤ ሳፋ ውስጥ ያለ ሰው ጥያቄ ጠልቶ ተነሥቶ አይሄድም፣ ዓይን ለዓይን መተያየትም የለበትም። በእንቅልፍ ጀምሩ፤ እንቅልፍ ማጣት ማንንም አያሳፍርም። «አባባ፣ ሌሊት ስንት ሰዓት ነው የሚነቁት?» ለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ወይ «ዘጠኝ ሰዓት» ይላል፣ ወይ «እኔስ መቼ ተኛሁና!» ይላል። ከዚያ ዝም በሉ። ቀጥሎ የሚመጣውን ለማረም ወይም «አይዞህ፣ ቻለው» ለማለት አትቸኩሉ።

ከሁለቱ ሳምንት አብዛኛውን ቀን እንቅልፍም፣ ምግብም፣ ደስታም ከራቀው፣ ልክ እንደ ክሩ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መልሱ «ባልኖር ይሻል ነበር» ከሆነ ደግሞ ብቻውን አታሳድሩት፣ ሲነጋ ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ሕክምና አለው። ጸበል የምትወስዱትም ከሆነ ሁለቱ አይጣሉም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ።